የፈተናና የመጠይቅ አስተማማኝነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች፣ መምህራንና መረጃ ሰብሳቢዎች ደጋግመው ካነሷቸው ጥያቄዎች የተሰባሰበ ነው፤ ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ አስቸጋሪው ይሄዳል።

አስተማማኝነት ምን ማለት ነው? ከተገቢነትስ በምን ይለያል?

ሰኞ ባቲ ገበያ ማሽላ የሚሰፍር ነጋዴ አንዱን ቁና ቆልሎ፣ ሌላውን ደግሞ አፉን በእጁ ጠርጎ ቢሰፍር፣ ገዥዋ «ዐሥር ቁና ገዛሁ» ብላ ብትሄድም ስንት ማሽላ እንደያዘች በእርግጥ አታውቅም። አሰፋፈሩ አስተማማኝ አይደለም። በሌላ በኩል ከቁናው ሥር ጨርቅ ተወትፎበት በየጊዜው እኩል መጠን የሚያጎድል ከሆነ፣ አሰፋፈሩ ወጥ ነውና አስተማማኝ ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን የሚናገረው መጠን እውነተኛው ስላልሆነ ተገቢ አይደለም። አስተማማኝ ያልሆነ መለኪያ ተገቢ ሊሆን አይችልም፤ አስተማማኝ የሆነ ሁሉ ግን ተገቢ ነው ማለት አይደለም።

በጥናት ቋንቋ ሲነገር፣ አንድ ሰው ያገኘው ነጥብ የእውነተኛ ነጥቡና የስሕተት ድምር ተደርጎ ይወሰዳል፤ ይህን አስተሳሰብ በ1904 እ.ኤ.አ. መልክ ያስያዘው እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን ነው። አስተማማኝነት በሰዎች ነጥብ መካከል ከሚታየው ቫሪያንስ (የነጥቦቹ መበታተን መለኪያ) ውስጥ ከእውነተኛው ልዩነት የመነጨው ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚነግር፣ ከ0 እስከ 1 የሚደርስ ቁጥር ነው። ስለዚህ 0.80 ሲባል ከልዩነቱ 80 በመቶው የእውነት፣ 20 በመቶው የስሕተት ነው ማለት እንጂ፣ አንዳንድ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ እንደሚነበበው «80 በመቶ የሚሆኑት መላሾች በትክክል መልሰዋል» ማለት አይደለም።

ከእኔ በፊት በመጠይቁ የተጠቀመ ተመራማሪ አልፋው (የአስተማማኝነት ግምቱ) 0.87 ነው ብሏል፤ እንደገና ማስላት አለብኝ?

አለብዎት። አስተማማኝነት በወረቀቱ ላይ የታተመ ጠባይ አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች፣ በዚያ ጊዜና በዚያ ቦታ የሰጧቸው ነጥቦች ጠባይ ነው። የአዲስ አበባ የባንክ ሠራተኞች የሞሉት መጠይቅ ወረኢሉ ለሚኖሩ ገበሬዎች ተነብቦ ሲሞላ፣ ጥያቄው አንድ ቢሆንም ነጥቡ ሌላ ነጥብ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ የሒሳብ ፈተና ለሁሉም የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሰጥ የእውነተኛው ልዩነት ቫሪያንስ 80፣ የስሕተቱ 20 ቢሆን፣ አስተማማኝነቱ 80 ለ100፣ ማለትም 0.80 ነው። ያንኑ ፈተና ተመርጠው በአንድ ክፍል ለተሰበሰቡት ጎበዞች ብቻ ብንሰጠው፣ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ እውነተኛው ልዩነት ወደ 30 ቢወርድና ስሕተቱ እዚያው 20 ላይ ቢቀር፣ አስተማማኝነቱ 30 ለ50፣ ማለትም 0.60 ይሆናል። ከፈተናው አንድ ቃል አልተነካም። እኔም በመጀመሪያው ጥናቴ የሰው አልፋ ተውሼ ጽፌአለሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ ያልተጠየቅሁት ግን ትክክል ስለነበርሁ አይደለም። የቀደመውን ቁጥር መጥቀሱ መልካም ነው፤ ከጎኑ ግን የራስዎን ያስፍሩ፣ አጻጻፉም «የመጠይቁ አስተማማኝነት» ሳይሆን «በዚህ ናሙና የተገኙት ነጥቦች አስተማማኝነት» ቢሆን ይመረጣል።

አስተማማኝነትን ለመገመት ስንት መንገድ አለ? የትኛውን ልጠቀም?

ምርጫውን የሚወስነው የሚያሰጋዎት ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ነው። ነጥቡ ከቀን ቀን ይዋዥቃል ብለው ከሰጉ፣ ለነዚያው ሰዎች ፈተናውን በሌላ ቀን ደግመው ሰጥተው የሁለቱን ተዛምዶ (አብረው የመውጣትና የመውረዳቸውን መጠን) ያሰላሉ። ተማሪዎቹ ጥያቄዎቹን ያስታውሳሉ ብለው ከሰጉ፣ ሁለት አቻ ፈተናዎች አዘጋጅተው ያነጻጽራሉ፤ ሁለት አቻ ፈተና ማዘጋጀት ግን ከባድ ሥራ ስለሆነ በተማሪዎች ጥናት ውስጥ እምብዛም አይታይም። ነጥብ ሰጪው ሰው ራሱ የሚያሰጋ ከሆነ፣ ሁለት ሰዎች ተለያይተው እንዲመዝኑ ያደርጋሉ። የጥያቄዎቹ ምርጫ ከሆነ የሚያሰጋው፣ በአንድ ጊዜ በተሰበሰበ መረጃ የጥያቄዎቹን የእርስ በርስ ስምምነት ይመረምራሉ፤ ክሮንባክ አልፋ የዚህኛው ቤተሰብ ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ ቀድሞ የመጣው ፈተናውን ለሁለት መክፈል ነው፤ ጎደሎ ቁጥር (1፣ 3፣ 5…) ያላቸው ጥያቄዎች በአንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥር (2፣ 4፣ 6…) ያላቸው በሌላ ወገን ሆነው ተዛምዷቸው ይሰላል። ግማሽ ፈተና ከሙሉው ይልቅ አስተማማኝነቱ ስለሚያንስ፣ ስፒርማንና ብራውን በ1910 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ባቀረቡት ቀመር ይስተካከላል፤ የግማሾቹ ተዛምዶ 0.60 ከሆነ የሙሉው ግምት 1.20 ለ1.60፣ ማለትም 0.75 ነው። ለልክና ስሕተት ጥያቄዎች ደግሞ ኩደርና ሪቻርድሰን በ1937 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር አለ። «ኩደር-ሪቻርድሰን 20» የተባለውም በጽሑፋቸው ውስጥ በተራ ቁጥር ሃያኛው ቀመር ስለነበረ እንጂ ከሃያ ጥያቄ ጋር ግንኙነት ኖሮት አይደለም። ይህን የምጽፈው «ፈተናዬ ሃያ ጥያቄ ስለሌለው ልጠቀምበት አልችልም» ያለኝ መምህር ስላለ ነው።

ክሮንባክ አልፋ በእጅ እንዴት ይሰላል?

ሊ ክሮንባክ በ1951 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስጠራው ይህ ቀመር፣ ጉትማን በ1945 እ.ኤ.አ. ካቀረባቸው መለኪያዎች ከአንዱ ጋር አንድ ነው። አካሄዱ ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ጥያቄ ቫሪያንስ አስልተው ይደምራሉ፤ ከዚያም የእያንዳንዱን ሰው ጠቅላላ ነጥብ ወስደው የዚያን ቫሪያንስ ያሰላሉ። ጥያቄዎቹ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ የጠቅላላው ቫሪያንስ ከተናጠሎቹ ድምር እጅግ ይበልጣል። አምስት ጥያቄዎች ቫሪያንሳቸው 1.1፣ 0.9፣ 1.2፣ 1.0 እና 0.8 ቢሆን ድምሩ 5.0 ነው። የጠቅላላው ነጥብ ቫሪያንስ 14.0 ከሆነ፣ 5.0 ለ14.0 ሲካፈል 0.357፣ ከ1 ሲቀነስ 0.643 ይሆናል። ይህን በ5 አባዝተው ለ4 ቢያካፍሉት (የጥያቄው ብዛት፣ ከእርሱ አንድ ተቀንሶ ለሚቀረው) 0.80 ያገኛሉ።

ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ከአናላይዝ ወደ ስኬል፣ ከዚያ ወደ ሪላያቢሊቲ አናሊሲስ ገብተው ማስላት ይቻላል። አደጋው እዚያ ላይ ነው፤ ሁሉንም ጥያቄ አንድ ላይ መርጦ ማስገባት ይቀላልና ዕድሜ፣ ጾታና የትምህርት ደረጃ ጭምር የገቡበት «የመጠይቁ አጠቃላይ አልፋ» ደጋግሞ ያጋጥመኛል። አልፋ የሚሰላው አንድን ነገር ለመለካት አብረው ለሚደመሩ ጥያቄዎች ብቻ ነው። መጠይቅዎ የሥራ እርካታን፣ የሥራ ጫናንና ከአለቃ ጋር ያለን ግንኙነት የሚለካ ከሆነ፣ ሦስት አልፋ ያስፈልግዎታል።

0.70 ከየት መጣ? 0.68 ካገኘሁ ወደቅሁ?

አሜሪካዊው ጁም ናናሊ በ1967 እ.ኤ.አ. ገና ለጀማሪ ጥናት ከ0.50 እስከ 0.60 ይበቃል ብሎ ጽፎ ነበር፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ወደ 0.70 ከፍ አደረገው። ሁሉም የሚጠቅሰው የኋለኛውን ነው። ያው ሰው በዚያው ሥራው ስለ አንድ ግለሰብ ውሳኔ ለመስጠት 0.90 እንኳ ዝቅተኛው እንደሆነ፣ 0.95 ቢሆን እንደሚሻል መጻፉ ግን እምብዛም አይጠቀስም። ስለዚህ 0.70 የማለፊያ ነጥብ አይደለም፤ የሁለት ቡድኖችን አማካይ ለማነጻጸር 0.68 ሊያገለግል ይችላል፣ አንድን ተማሪ ለማለፍና ለመውደቅ ለመለየት ግን 0.75 እንኳ ቀጭን ነው። በ0.68 እና በ0.70 መካከል ያለው ልዩነት በትንሽ ናሙና ውስጥ ምንም ማለት እንዳልሆነ ቀጥሎ ያለው መልስ ያሳያል።

ለቅድመ ሙከራ የናሙናውን 5 በመቶ መውሰድ ይበቃል?

የናሙናዎ ቁጥር 400 ከሆነ 5 በመቶው 20 ሰው ነው። ሃያ ሰው የጥያቄው አማርኛ ይገባ እንደሆነ፣ መጠይቁ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የትኛው ጥያቄ ሰውን እንደሚያሳፍር ለማወቅ በቂ ነው። አልፋን ለመገመት ግን አይበቃም። ዐሥር ጥያቄ ባለው መለኪያ ከሃያ ሰው 0.70 ቢያገኙ፣ የ95 በመቶ መተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው አልፋ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው) ከ0.46 አካባቢ እስከ 0.86 አካባቢ ይዘረጋል፤ ከ200 ሰው ቢሆን ግን ከ0.63 እስከ 0.76 አካባቢ ይጠባል። ስለዚህ በቅድመ ሙከራው «አልፋው 0.72 ስለሆነ መጠይቁ አስተማማኝ መሆኑ ተረጋግጧል» ብሎ ምዕራፍ ሦስትን መዝጋት ትርጉም የለውም። ዋናው መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ ያው ስሌት ይደገማል፤ የሚታመነውም ያ ነው።

ቅድመ ሙከራው የት ይደረግ ለሚለው፣ ጥናቱ ተሁለደሬ ከሆነ ኩታበር ላይ መሞከር ተገቢ ነው፤ ሰዉ ይመሳሰላል፣ የዋናው ጥናት መላሾችም አስቀድመው ጥያቄውን አይሰሙም።

አልፋዬ እጅግ ዝቅ አለ፤ እንዲያውም ኔጌቲቭ ወጣ። ምን ተፈጠረ?

በመጀመሪያ የሚመረመረው የተገለበጡ ጥያቄዎች ናቸው። ከሌሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጻፈ ጥያቄ ነጥቡ ካልተገለበጠ፣ ማለትም ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ መልሱ ከ6 ካልተቀነሰ፣ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ አልፋውም ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ ስንፍና ብቻ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል።

ከባዱ ችግር ግን ነጥቡ ተገልብጦም የሚቀረው ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መለኪያዎች አሉታዊ ዐረፍተ ነገር ይበዛባቸዋል፤ በአማርኛ ደግሞ ለአሉታዊ ጥያቄ «አዎ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ጠያቂውና መላሹ ላይግባቡ ይችላሉ። «ልጁን አላስከተቡትም?» ተብላ የተጠየቀች እናት «አዎ» ስትል ብዙውን ጊዜ «አላስከተብሁትም» ማለቷ ነው፤ «አይ፣ አላስከተብሁትም» የምትልም አለች፤ አንዲት «አይ» ብቻ ብላ ልጇን ለማጥባት ዘወር ካለች ግን መረጃ ሰብሳቢው ገምቶ ምልክት ያደርጋል። የሚስማሙ ወይም የማይስማሙ መሆናቸውን የሚጠይቀው መለኪያ ላይ ደግሞ ችግሩ ይደረባል። «በሥራዬ ደስተኛ አይደለሁም» ለሚለው «አልስማማም» ብሎ መመለስ ሁለት አፍራሽ በአንድ ላይ ማውጣትና ማውረድ ነው፤ ከሥራ ውሎ የደከመ ሰው ይህን ስሌት በልቡ እንዲሠራ መጠበቅ አይገባም።

መፍትሔው ተቃራኒውን ሐሳብ በአዎንታዊ ግሥ መጻፍ ነው። «ደስተኛ አይደለሁም» ከማለት «ሥራዬ ይሰለቸኛል» ማለት አቅጣጫውን ይገለብጣል፣ «አይ» እና «አል» ግን የሉበትም። ለማመሳከር ያህል፣ የተገለበጡትን ብቻ ለይተው፣ ቀጥተኞቹንም ብቻ ለይተው አልፋ ያስሉ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ሆነው አንድ ላይ ሲሆኑ ከወደቁ፣ ጉዳዩ የሚለካው ነገር ሳይሆን የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው።

ፕሮግራሙ «ይህ ጥያቄ ቢወጣ አልፋው ይህን ያህል ይሆናል» ይላል። ላውጣው?

የጥያቄው ትርጉም እንዲወጣ ካላስገደደ በቀር አይቸኩሉ። ከአንድ ናሙና ተነሥቶ ጥያቄ መንቀል ያ ናሙና በአጋጣሚ የያዘውን ጉድለት መከተል ነው፤ በሌላ ናሙና የተነቀለው ደኅና፣ የቀረው ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ አንድ ጥያቄ ሌሎቹ ያልነኩትን የጉዳዩን ገጽ ብቻውን ይዞ ከሆነ፣ እርሱን ማውጣት አልፋውን ከፍ እያደረገ መለኪያውን ያጎድላል። ካወጡትም ምክንያቱን ይጻፉ።

አልፋዬ 0.95 ሆነ፤ ደስ ይበለኝ?

ትንሽ ይጠራጠሩ። አንደኛው ምክንያት የጥያቄ ብዛት ነው። ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው አማካይ ተዛምዶ 0.20 ብቻ ቢሆን፣ አምስት ጥያቄ 0.56፣ ሃያ ጥያቄ 0.83፣ አርባ ጥያቄ 0.91 አልፋ ይሰጣሉ። ግንኙነታቸው ያው ደካማ ነው፤ የበዛው ቁጥራቸው ነው። ከፍተኛ አልፋ «ጥያቄዎቹ አንድ ነገር ብቻ ይለካሉ» ለሚለው ማስረጃ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት መደጋገም ነው፤ «እጨነቃለሁ»፣ «ጭንቀት ይሰማኛል»፣ «የመጨነቅ ስሜት አለኝ» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ከአንድ ጥያቄ የበለጠ የሚያሳውቁት የለም።

ሦስተኛውን የማነሣው በሜዳ ስላየሁት ነው። አንድን የወሎ ሽማግሌ ስለ ጤናቸው ቢጠይቋቸው፣ ወገባቸው እየቆረጣቸውም ቢሆን «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ይቀድማል፤ ማማረር ነውር ነው፣ እንግዳን በ«አልስማማም» መመለስም እንደ ክብረ ነክ ይቆጠራል። መጠይቁን ይዞ የመጣው ልጅ የቡና እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ ሳለ ለሁሉም ጥያቄ «እስማማለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ መልስ ጥያቄዎቹን አንድ ላይ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ አልፋውም ያድጋል። ወጥ የሆነው ግን አክብሮቱ ነው፣ የሚለካው ነገር አይደለም። ሁሉም ጥያቄ በአንድ አቅጣጫ ከተጻፈ ይህን ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል፣ በአዎንታዊ ግሥ የተገለበጡ ጥቂት ጥያቄዎች እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው። አምስቱን ደረጃ በቃል ከመደርደር ይልቅ አምስት ጠጠር አስቀምጦ «ይህን ያህል» እንዲሉ ማድረግም ይረዳል፤ ጠጠር አያሳፍርም።

ድጋሚ መጠይቁን ከስንት ቀን በኋላ ላስሞላ?

ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ይባላል፤ ሰው የመጀመሪያ መልሱን ለመርሳት የሚበቃ፣ የሚለካው ነገር እንዳይለወጥ ግን አጭር የሆነ ጊዜ ማለት ነው። ይህ ለጠባይና ለአስተሳሰብ ይሠራል። ወቅት ለሚገዛው ነገር ግን የቀን መቁጠሪያውን ሳያዩ አይጀምሩ። ለምሳሌ የቤተሰብን የምግብ ዋስትና እጦት የሚለካው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው፣ ከ0 እስከ 27 ነጥብ የሚሰጠው መለኪያ፣ ስላለፉት አራት ሳምንታት ይጠይቃል። በበልግ አምራቹ ደጋ ሰኔና ሐምሌ እህል ሲገባ፣ መኸር ጠባቂው ቆላ በዚያው ሰሞን ጎተራው ይራቆታል። በዚህ መካከል የተደረገ ድጋሚ ልኬት ዝቅተኛ ተዛምዶ ቢያሳይ፣ መለኪያው ዋዠቀ ወይስ ቤቱ ተለወጠ ብሎ መለየት አይቻልም።

ጾምም እንዲሁ ነው። አንዱን ዙር በረመዳን ወይም በፍልሰታ፣ ሌላውን ከፍቺ በኋላ ያደረገ ጥናት፣ «በቀን የበሉት ጊዜ አንሷል?» ለሚለው የሚያገኘው መልስ በእጦትና በጾም መካከል የተደበላለቀ ይሆናል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር በሚኖርበት በወሎ ደግሞ የአንዱ ጾም ሲገባ የሌላው ላይሆን ስለሚችል፣ ለውጡ ለሁሉም መላሽ እኩል አይሆንም።

ሁለት ታዛቢዎች 90 በመቶ ተስማሙ፤ ካፓው ግን 0.44 ሆነ። የትኛውን ልመን?

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ሁለት ታዛቢዎች 100 የትምህርት ክፍለ ጊዜ አይተው መምህሩ ጥያቄ ጠይቋል ወይም አልጠየቀም ብለው መዘገቡ እንበል። በ85ቱ ሁለቱም «ጠይቋል»፣ በ5ቱ ሁለቱም «አልጠየቀም» አሉ፤ በቀሩት 10 ተለያዩ፣ አምስት በዚህ አምስት በዚያ። ስምምነታቸው 90 በመቶ ነው። ነገር ግን እያንዳንዳቸው 90 ጊዜ «ጠይቋል» የሚሉ ሰዎች ክፍሉን ሳያዩ ቢጽፉ እንኳ በአጋጣሚ ብቻ 82 በመቶ ይስማሙ ነበር (0.90 በ0.90 ሲባዛ 0.81፣ 0.10 በ0.10 ሲባዛ 0.01)። ጃኮብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ካፓ ከአጋጣሚ በላይ ያለውን ብቻ ይቆጥራል፦ 0.08 ለ0.18፣ ማለትም 0.44።

ካፓ አንዱ መልስ እጅግ ሲበዛ ክፉኛ ዝቅ እንደሚል ስለሚታወቅ፣ ቁጥሩን ብቻውን ጽፎ ታዛቢዎቹን ከመኮነን ይልቅ አራቱን ሳጥን የያዘ ሠንጠረዥ ማውጣት ይበልጣል። የታዛቢዎቹ ልዩነት በእነዚያ ጥቂት «አልጠየቀም» ክፍለ ጊዜዎች ላይ መሆኑን አንባቢ በዓይኑ ያያል።

ሁለት መምህራን ያረሙት ድርሰት ተዛምዶው 0.98 ነው። ይበቃል?

አይበቃም። አንደኛው መምህር እጀ ሰፊ፣ ሁለተኛው ቆንቋና ሆኖ ለእያንዳንዱ ድርሰት ዐሥር ነጥብ እየቀነሰ ቢሰጥ፣ ተዛምዶው ፍጹም 1 ሊሆን ይችላል፤ በአንደኛው ዘንድ 55 አግኝቶ ያለፈው ልጅ ግን በሁለተኛው 45 አግኝቶ ይወድቃል። ተራ ተዛምዶ የሚያየው ነጥቦቹ አብረው መውጣትና መውረዳቸውን ነው፤ የነጥቡን ልክ አያይም። ለዚህ የሚሆነው በክፍል ውስጥ ያለ ተዛምዶ፣ ብዙዎች በአጭሩ አይሲሲ የሚሉት ነው፤ እርሱም ወጥነትንና ፍጹም ስምምነትን የሚለኩ የተለያዩ ቅርጾች ስላሉት የትኛውን እንደተጠቀሙ ካልጻፉ ቁጥሩ ባዶ ነው። ማለፊያ ነጥብ ባለበት ቦታ ፍጹም ስምምነትን ይምረጡ።

የቤተሰብ ሀብት መለኪያዬ አልፋው 0.40 ነው። ልጣለው?

አይጣሉት፤ መጣል ያለበት አልፋው ነው። አልፋ የሚያገለግለው ጥያቄዎቹ ከአንድ ውስጣዊ ነገር የሚመነጩ ሲሆኑ ነው፤ ጭንቀት ሲጨምር እንቅልፍ ማጣቱም፣ ራስ ምታቱም ይጨምራል። ሀብት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በሬው፣ በጉ፣ ግመሉ፣ የቆርቆሮው ቤት ተደምረው ሀብትን ይሠሩታል። የለጋምቦ ደገኛ በግ እንጂ ግመል የለውም፤ የባቲ ቆለኛ ግመልና ፍየል ይዞ የበግ መንጋ ላይኖረው ይችላል። ሁለቱም ባለጸጋ ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ግን አይስማሙም፣ መስማማትም አይጠበቅባቸውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ድምር የሚጠየቀው ነገር የተሟላ መሆኑና እያንዳንዱ ቆጠራ ሲደገም ያንኑ መስጠቱ ነው።

መጠይቁ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተሞልቷል። አንድ አልፋ ይበቃል?

ከሚሴና ባቲ አካባቢ የሚሠራ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም። በሁለቱ ቋንቋዎች የተሞላውን ለያይተው ያስሉ፤ አንዱ 0.85 ሌላው 0.55 ሆኖ በድምር 0.76 ቢያሳይ፣ ድምሩ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ትርጉሙን በሌላ ሰው ወደ መነሻው መልሶ ማስተርጎም ብሪስሊን በ1970 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው ወዲህ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ተመልሶ መተርጎሙ ቃሉ የሰዉ ቃል መሆኑን አያረጋግጥም። «ድብርት» የሚለው መዝገበ ቃላዊ ነው፤ ገጠር ያለች እናት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብትባል ወዲያው የሚገባትን፣ በ«ድብርት» ተጠይቃ ዝም ልትል ትችላለች። ሁለቱ አልፋዎች እኩል ቢሆኑም እንኳ ጥያቄዎቹ በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ነገር ይለካሉ ማለት አይደለም፤ አማካዮቹን ከማነጻጸር በፊት ያ ለብቻው መፈተሽ አለበት።

ገምጋሚው ከአልፋ ይልቅ ኦሜጋ አምጣ አለኝ። ምን ፈልጎ ነው?

አልፋ ትክክለኛ ግምት የሚሆነው ሁሉም ጥያቄዎች የሚለካውን ነገር በእኩል ኃይል ሲሸከሙ፣ ስሕተቶቻቸውም እርስ በርስ ሳይያያዙ ሲቀሩ ነው። የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ሲጎድል አልፋ አስተማማኝነቱን ዝቅ አድርጎ ይገምታል፤ ሁለተኛው ሲጎድል ግን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ማክዶናልድ ያስተዋወቀው ኦሜጋ እያንዳንዱ ጥያቄ የሚሸከመውን ክብደት ከፋክተር ትንተና (ጥያቄዎቹ ከሚጋሩት ውስጣዊ ነገር ጋር ያላቸውን ትስስር ከሚገምት ስሌት) ወስዶ ስለሚያሰላ የመጀመሪያውን ችግር ያልፈዋል። በነጻ በሚገኙት በአር፣ በጃስፕና በጃሞቪ ይሰላል። በተግባር ሁለቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ፤ የሚራራቁ ከሆነ ግን ከቁጥሩ በፊት የጥያቄዎቹን ክብደት መመልከት ይገባል።

አስተማማኝነቱ 0.84 ከሆነ ስለ አንድ ተማሪ ውጤት ምን ያህል ልተማመን?

የነጥቦቹን መደበኛ ልይይት (የቫሪያንሱን ካሬ ሩት)፣ ከ1 ላይ አስተማማኝነቱ ተቀንሶ በሚቀረው ቁጥር ካሬ ሩት ያባዙ። መደበኛ ልይይቱ 10 ከሆነ፣ የ0.16 ካሬ ሩት 0.4 ነውና የልኬቱ መደበኛ ስሕተት 4 ነጥብ ይሆናል። ሁለት መደበኛ ስሕተት ወደ ታችና ወደ ላይ ስንወስድ፣ 48 ያገኘች ተማሪ እውነተኛ ነጥቧ በግምት ከ40 እስከ 56 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ማለፊያው 50 በሆነበት ክፍል ይህን አስቦ ያላወቀ መምህር፣ በሁለት ነጥብ የጣላት ልጅ በእርግጥ ከወደቁት ወገን መሆኗን ሊምልላት አይችልም። 0.84 ጥሩ ቁጥር ተብሎ የሚጻፍ መሆኑን ልብ ይሏል።

በሁለት ነገሮች መካከል የጠበቅሁትን ያህል ግንኙነት አላገኘሁም። ጥፋቱ የመለኪያው ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ ስፒርማን በ1904 እ.ኤ.አ. ያሳየውም ይህንኑ ነው። ስሕተት ግንኙነትን ያደበዝዛል። እውነተኛው ተዛምዶ 0.50 ሆኖ የአንዱ መለኪያ አስተማማኝነት 0.70፣ የሌላው 0.60 ቢሆን፣ በመረጃዎ ውስጥ የሚታየው 0.32 አካባቢ ብቻ ነው (የ0.42 ካሬ ሩት 0.648፣ በ0.50 ሲባዛ)። ስለዚህ «ግንኙነት የለም» ብሎ ከመደምደም በፊት ሁለቱን አስተማማኝነቶች ማየት ያስፈልጋል።

ተዛምዶውን ለሁለቱ አስተማማኝነቶች ብዜት ካሬ ሩት አካፍሎ ማረም ይቻላል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ነው። ለማረም የገባው አልፋ ራሱ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ከሆነ እርማቱ ያበዛል፤ ውጤቱም ከ1 በላይ የሆነ፣ ሊኖር የማይችል ተዛምዶ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ያልታረመውን ከታረመው ጎን አስቀምጠው፣ ለማረሚያ የተጠቀሙበት አልፋ ከራስዎ ናሙና የተሰላ መሆኑን ይጻፉ፤ ከሌላ ሰው ጥናት ተውሶ የገባ ከሆነ እርማቱን ባያደርጉት ይሻላል።